ሰምን የማጣራት ታሪክ፦ ከአጥንት ከሰል እስከ ናኖ

ከጋባ፣ ካምፓላ

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ታሪክ የንጉሥም የጦርነትም አይደለም፤ የሰም ታሪክ ነው። ሰም ስል ደግሞ በተለይ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣውን ማለቴ ነው። መብራት ሲጠፋ የምናበራው ሻማ፣ ሕፃን ካጠብን በኋላ የምንቀባው ቫዝሊን፣ የአንዳንድ አይብ ሽፋን፣ ውኃ የማያስገባው የወረቀት ኩባያ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያው ከጥቁሩና ከሚሸተው ድፍድፍ የወጡ ናቸው። ጥያቄው እንግዲህ ያ ጥቁር ነገር እንዴት ነጭ ሆኖ፣ ሽታውም ጠፍቶ ለእጃችን በቃ የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ርዕሱን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም። አሁን በተጠለልንባት አገር፣ በኡጋንዳ፣ ከመሬት በታች የተገኘው ነዳጅ ሰም የበዛበት ነው። ከነዳጁ ቦታዎች አንዱ ያለበት ኪኩቤ ወረዳ ደግሞ የቻንጓሊ የስደተኞች መጠለያ የሚገኝበት ወረዳ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። እዚያ የሚያድጉ ልጆች ነገ ሥራ ፍለጋ የሚያንኳኩት በር ይህ ሊሆን ይችላል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከአገራችን ሰም እንጀምር።

እኛ አገር ሰም ማለት የንብ ሰም ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ሰሙ ከየት እንደሚሰበሰብ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከጠጅ ቤት ነው። ማሩ ከነሰፈፉ ለጠጅ ይበጠበጣል፣ ጠጁ ይጠጣል፣ የቀረው ሰፈፍ ለነጋዴ ይሸጣል። ሰፈፉ በውኃ ይቀቀላል፣ በጆንያ ይጨመቃል፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ዝቃጩ ታች ይቀራል። ከዚያ ጧፍ ይሆናል፣ ወይም ለውጭ ገበያ ይጫናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምጽዋ በኩል ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድ፣ ከወርቅና ከቡና ጋር ሰምም ይወጣ ነበር። አንጥረኛውም ቢሆን መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈሳል። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የንብ ሰምን ማጣራት ቀላል የሆነው ቆሻሻው ለሰሙ ባዕድ ስለሆነ ነው። የንብ ክንፍ፣ አቧራ፣ ስንጥር፣ የማር ቅሪት፣ እነዚህ ወይ በወንፊት ይቀራሉ፣ ወይ በውኃ ይሟሟሉ፣ ወይ ይዘቅጣሉ። የነዳጅ ሰም ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ሰሙ ቆሻሻ ካለበት ለምን አይታጠብም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። የማይታጠበው በውስጡ ያለው ቆሻሻ የራሱ የሰሙ ዘመድ ስለሆነ ነው። እሱም ዘይት ነው፣ እሱም ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠራ ነው፣ እሱም በውኃ አይሟሟም። ዘመድን ከዘመድ መለየት ደግሞ ባዕድን ከመለየት ይከብዳል። የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፓራፊን ሰምን በ1830 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ካርል ፎን ራይሸንባህ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ ያወጣውም ከነዳጅ ሳይሆን ከእንጨት ሬንጅ ነው። ስሙን ያወጣለት ከሁለት የላቲን ቃላት አገጣጥሞ ሲሆን ትርጉሙ «ዝምድናው ጥቂት» እንደ ማለት ነው። አሲድ ቢያፈሱበት አይነካውም፣ አልካሊም እንዲሁ፤ ከማንም ጋር አይዋሐድም ለማለት ነው። (ስደተኛ ሆኖ ይህን ስም ለሰማ ሰው ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።) ይህ ጠባዩ እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ርካሽ ፓራፊን በንብ ሰም ውስጥ ቀላቅሎ መሸጥ በአገራችን የታወቀ ማጭበርበር ሲሆን የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከልም ያጠናው ጉዳይ ነው። ማጭበርበሩ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ሰሙን በአልኮል በተሟሟ ጠንካራ አልካሊ ማፍላት ነው። የንብ ሰም ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፣ ፓራፊኑ ግን ዝምድና የለውምና ሳይለወጥ ይቀራል፤ ፈሳሹም ሲቀዘቅዝ ያለ ጊዜው ይደፈርሳል።

ከራይሸንባህ በኋላ ነገሩን ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ያወጣው ጄምስ ያንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ዳርቢሸር ከአንድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚንጠባጠብ ዘይት እያጣራ መሸጥ ጀመረ። ዘይቱ ሲያልቅበት ከድንጋይ ከሰሉ ራሱ ማውጣት ይቻላል ብሎ በ1850 የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፣ በዓመቱም በስኮትላንድ ባትጌት ፋብሪካ ከፈተ። እሱ የሚያጣራው በሰልፈሪክ አሲድ ነበር። ፓራፊኑ ከአሲድ ጋር አይዋሐድም ብለናል፤ ቆሻሻው ግን ይዋሐዳል። አሲዱ ቆሻሻውን ይዞ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ዘዴው ይሠራል፣ ነገር ግን ለያንዳንዱ ንጹሕ በርሜል አሲድ የሞላበት ዝቃጭ ይተዋል፣ ያንንም የሚደፉበት ቦታ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ ይህ ያንግ በግላስጎው ኮሌጅ ሲሠራ ከዴቪድ ሊቪንግስተን ጋር የተዋወቀና የዕድሜ ልክ ጓደኛው የሆነ ሰው ነው። በፓራፊን የከበረውን ገንዘብ ለሊቪንግስተን የአፍሪካ ጉዞዎች፣ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ለተደረገው የመጨረሻ ጉዞ ጭምር ሰጥቷል። ሊቪንግስተን ምንጩን ሳያገኝ በ1873 ሞተ። እኛ ግን ጋባ ወደብ ቆመን ዓሣ ስንገዛ እግራችን ሥር የሚመታው የሐይቅ ውኃ ጂንጃ ላይ ነጭ ዓባይ ሆኖ የሚወጣው ነው። የሻማ ገንዘብ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ቀጥሎ ያለው ሰው የሁላችንም ቤት እንግዳ ነው። በ1859 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ ታይተስቪል በሚባል ቦታ ኤድዊን ድሬክ ነዳጅ ቆፍሮ አወጣ። ሮበርት ቺዝብሮ የ22 ዓመት ወጣት ኬሚስት ነበር፤ ኑሮው የዓሣ ነባሪ ዘይት እያነጠረ ላምባ መሥራት ነበርና የመሬት ነዳጅ ሲወጣ እንጀራው ሊቋረጥ ሆነ። ምን ይሻለኛል ብሎ ወደ ታይተስቪል ሄደ። እዚያ ሠራተኞቹ የሚራገሙት አንድ ነገር አገኘ። በመቆፈሪያው ዘንግ ላይ እየተለጠፈ ሥራ የሚያስቆም ጥቁር ለጥ ያለ ቅባት። የሚራገሙት ሰዎች ግን ሲቃጠሉና ሲቆረጡ ያንኑ ቅባት ቁስላቸው ላይ ይቀቡ ነበር። ቺዝብሮ ቅባቱን ይዞ ተመለሰ፣ ዓመታት ፈጅቶ አጣራው፣ በ1870 ቫዝሊን ብሎ መሸጥ ጀመረ፣ በ1872 የባለቤትነት መብት አገኘበት።

ያጣራበት ነገር ምን ነበር? የአጥንት ከሰል። አጥንት አየር በሌለበት ሲቃጠል ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት ከሰል ይሆናል። የስኳር ፋብሪካዎች ስኳራቸውን ነጭ የሚያደርጉት በእሱ ነበር። ሞቅ ያለው ቅባት በአጥንት ከሰሉ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ቀለሙና ሽታው ከሰሉ ላይ ይቀራል፣ የሚወርደው ፈካ ያለ ነው። በጥቁር ነገር ጥቁርን ማንጣት! እዚህ ያለው ሐሳብ ከያንግ በጣም ይለያል። ያንግ ቆሻሻውን በአሲድ ይገድለዋል፣ ቺዝብሮ ግን ላዩ ላይ የሚያሳርፍበት ወንበር ያዘጋጅለታል። የዛሬው የናኖ ምርምር የቺዝብሮ ልጅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ማጣራት ማለት ለዓይንና ለአፍንጫ ነበር፤ ነጭ ከሆነና ካልሸተተ ተጣርቷል ይባል ነበር። ጉዳዩ የጤና ጉዳይ መሆኑ የታወቀው በሠራተኞች ሥቃይ ነው። በ1876 የኤደንብራው ሐኪም ጆሴፍ ቤል በስኮትላንድ የፓራፊን ሠራተኞች ላይ ያየውን የቆዳ ካንሰር ጽፎ አሳወቀ። (ይህ ቤል የሼርሎክ ሆልምስ ታሪክ ደራሲ መምህር የነበረና ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነው ሰው ነው።) ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ያልተጣራ ዘይትና ሰም በራሰ ልብስ ውስጥ ይውሉ ነበር። በ1933 ደግሞ ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ይህም አምስት የካርቦን ቀለበቶች እንደ ማር እንጀራ ተያይዘው የሠሩት ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው። እንዲህ ያሉ ባለ ብዙ ቀለበት ሞለኪውሎች በድፍድፍ ነዳጅም ይገኛሉ፣ ካልተጣራም ከሰሙ ጋር አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ምግብ የሚነካ ሰም ወይም የሕፃን ቆዳ የሚቀባ ቫዝሊን መንጣቱ ብቻ አይበቃም፤ አሜሪካንን ጨምሮ ብዙ አገሮች እነዚህ ቀለበቶች እንዳይኖሩበት በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲለካ በሕግ ያስገድዳሉ።

አሁን ፋብሪካ ውስጥ የሚደረገውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ድፍድፉ ሲነጠር ቤንዚኑ፣ ላምባውና ናፍጣው ቀድመው ይወጣሉ። ከከባዱ ክፍል የሞተር ዘይት ይሠራል፣ ሰሙ ያለው እዚያ ነው። ሞተር ዘይት ውስጥ ሰም ከቀረ በብርድ ይረጋልና መውጣት አለበት። ድሮ ዘይቱን በማቀዝቀዝ ሰሙ ሲረጋ በጨርቅ መጭመቂያ ይለዩት ነበር። ከ1920ዎቹ ወዲህ ግን ዘይቱን ብቻ የሚያሟሙ ፈሳሾች ተጨምረውበት ይቀዘቅዛል። የሚገኘው ሰም ገና ዘይት ያለበት፣ ለስላሳና ቡናማ ነው፤ ከመቶ እስከ 30 እጅ ዘይት ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ዘይቱን ማውጣት ነው። የጥንቱ ዘዴ ሰሙን ማላብ ይባላል፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ በትሪ ላይ ተደርድሮ ቀስ በቀስ ሙቀቱ ሲጨመር ዘይቱ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። ጥሩ የተጣራ ሰም የሚባለው የዘይቱ መጠን ከመቶ ግማሽ እጅ በታች ሲወርድ ነው። ሲነኩት እጅ ላይ ቅባት የሚተውና ሽታ ያለው ርካሽ ሻማ ካጋጠማችሁ ዘይቱ በደንብ ያልወጣለት ሊሆን ይችላል።

ዘይቱ ከወጣ በኋላም ቀለሙ፣ ሽታው፣ ድኙና እነዚያ ቀለበቶች ይቀራሉ። እነሱን ለማውጣት እስከ ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሃይድሮጂን ማስገባት ነው፤ ቀለበቶቹ ይከፈታሉ ወይም ሃይድሮጂን ይጠግባሉ፣ ድኙም በጋዝ መልክ ይወጣል። በጣም ንጹሕ ሰም ይሰጣል፤ ግን የሃይድሮጂን ፋብሪካ፣ ወፍራም የብረት ጋንና ውድ ካታሊስት ይፈልጋል። ይህ የሀብታም መንገድ ነው። ሁለተኛው አፈር ነው።

አዎ፣ አፈር። ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ መሰል አፈር በአሲድ ታጥቦ ደርቆ ከቀለጠ ሰም ጋር ሲነካካ ቆሻሻውን ይይዛል። የቤንቶናይት ዋናው ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ሞንትሞሪዮን ከተማ ነው። ይህ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ ቅጠሎች የተሠራ ሲሆን የአንዱ ቅጠል ውፍረት 1 ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን አስታውሱ፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። ለካ አፈር ሻጩም ማጣሪያውም ናኖ የሚለው ቃል ሳይወለድ በናኖ ሲሠሩ ኖረዋል! ስለዚህ ናኖ ሲባል ከሰማይ የወረደ አዲስ ጥበብ አድርገው የሚያወሩትን ሰዎች እኔ ብዙም አላምናቸውም። አዲስ የሆነው ነገር ማወቁና እንደ ፈለጉ ቀርጾ መሥራቱ ነው።

መጠን ማነሱ ለምን ይጠቅማል? እኔ ኬሚስትሪ ስማር ነበር፤ ትምህርቱ በስደት ቢቋረጥም ይህቺ ስሌት ከእኔ ጋር ተሰዳለች። በየአቅጣጫው 1 ሴንቲሜትር የሆነች አንዲት ኩብ ውሰዱ። ስድስት ገጽ አላት፣ የገጿ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ይበልጣል። አሁን ይህቺኑ ኩብ 1 ናኖሜትር ወደሆኑ ጥቃቅን ኩቦች ክተፏት። ክብደቷ አልጨመረም። የገጾቿ ድምር ግን 6,000 ካሬ ሜትር ሆነ፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ቆሻሻው የሚያርፈው ገጽ ላይ ስለሆነ ወንበሩ ከጥፍር ወደ ኳስ ሜዳ ሰፋ ማለት ነው።

ይህን ለክፍላችሁ ማሳየት የምትፈልጉ መምህራን ብዙ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ላይ እኩል የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ። ከማብሰያ ከሰል እኩል መዝኑና አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን በሙቀጫ ወቅጣችሁ ዱቄት አድርጋችሁ ጨምሩ፤ እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ሁለቱንም በጥጥ አጣሩ። ዱቄት የገባበት ውኃ ቀለሙ የበለጠ ይቀንሳል። ግን ሌላም ነገር ታያላችሁ፤ በጣም የደቀቀው ከሰል በጥጡ ሾልኮ ውኃውን ያጠቁረዋል። እዚህ ጋባ ስንሠራው አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ቀለሙን አወጣንና ከሰሉን አስገባን እኮ!» አለች። የናኖ ማጣሪያ ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዘመናችን። ናኖቴክኖሎጂ የሚለውን ቃል በ1974 የተጠቀመበት ኖሪዮ ታኒጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር አቶምን በአቶም የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሠሩ፣ በ1986ም ኖቤል ተሸለሙ። ለእኛ ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በ1992 የተደረገው ነው። ሞቢል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኤምሲኤም-41 የሚባል ነገር መሥራታቸውን ይፋ አደረጉ። ከአሸዋ ዘር ከሆነው ሲሊካ የተሠራ ሆኖ እንደ ንብ ቀፎ በተደረደሩና ስፋታቸው ጥቂት ናኖሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። አንድ ግራሙ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። አፈር የተሰጠንን ያህል ነው፤ ይህን ግን ቀዳዳውን በልክ ማዘዝ ይቻላል። ንድፉ የንብ ቀፎ መምሰሉ ለሰም ታሪክ እንዴት እንደሚገጥም እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ ወዲህ ናኖ ሲሊካ፣ ናኖ ሸክላ፣ የካርቦን ናኖ ቱቦ፣ የብረት ኦክሳይድ ናኖ ዱቄት በየቤተ ሙከራው በሰምና በዘይት ላይ እየተሞከሩ ነው። የሰም ሞለኪውል በአብዛኛው ቀጥ ያለ ረጅም ሰንሰለት ነው፣ ከ20 እስከ 40 ካርቦን የተሰካበት። ቀለበቶቹ ደግሞ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ድኝና ናይትሮጂን ያለባቸውም ኤሌክትሪካዊ ሚዛናቸው ያጋደለ ነው። ገጹ በሚገባ ከተዘጋጀ ሰሙን እያሳለፈ እነዚህን ይይዛል፤ የሚሠራውም ሰሙን ለማቅለጥ ከሚበቃ ሙቀት ብዙም ሳይበልጥ፣ ያለ ሃይድሮጂንና ያለ ግፊት ነው። ከአህጉራችን በዚህ ሙያ ስሟ የሚነሣው ግብፅ ናት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓራፊን ሰም የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ ካይሮ የሚገኘው የግብፅ የነዳጅ ምርምር ተቋምም ስለ ሰም ማጣራት ለብዙ ዓመታት ሲመራመር ቆይቷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ፋብሪካዎች ለምን አፈሩን አልጣሉም? ልጅቷ ያለችው ነው። ደቃቁን ዱቄት ከቀለጠው ሰም መልሶ ማውጣት ይከብዳል፤ ካልወጣ ደግሞ የሕፃን ቫዝሊን ውስጥ ሊቀር ነው፤ እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ገና በጥናት ላይ ነው። መፍትሔ ተብለው ከተሞከሩት አንዱ ዱቄቱን ከብረት ኦክሳይድ ጋር አያይዞ በማግኔት መሰብሰብ ነው። ሌላው ዱቄቱን ጠጠር አድርጎ በቱቦ ውስጥ ጠቅጥቆ ሰሙን በላዩ ማሳለፍ ነው፤ ይሄ ቺዝብሮ በአጥንት ከሰል ያደረገው ነው። ዋጋውም አለ። አፈር በቶን ይሸጣል፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ናኖ ሲሊካ ግን በግራም። አንዴ የጠገበውን አጥቦ መልሶ መጠቀም ካልተቻለ ማንም ነጋዴ አይነካውም። እኔ እንደሚመስለኝ መጀመሪያ ፋብሪካ የሚገባው ከተፈጥሮ አፈር ላይ ተነሥቶ የተሻሻለው እንጂ ከባዶ የተሠራው አይሆንም። እንዲህ ያለ አፈር ደግሞ አለን፤ ቤንቶናይት በአፋር ገዋኔ አካባቢ ይገኛል፣ በምዕራብ ኡጋንዳ ስምጥ ሸለቆም እንዲሁ።

ይህ ወደ ኡጋንዳ ነዳጅ ይመልሰናል። በአልበርት ሐይቅ ዳር ነዳጅ ከመሬት እንደሚመነጭ የአካባቢው ሰው ድሮም ያውቅ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ጂኦሎጂስት ዌይላንድ በ1920ዎቹ ምንጮቹን ዞሮ መዘገበ፣ በ1938 ቡቲያባ አካባቢ ዋኪ በተባለ ቦታ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ነገሩ ተረሳ። ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ መኖሩ የተረጋገጠው በ2006 ነው። ሲወጣ ግን ጉድ ተባለ፤ ድፍድፉ ሰም ስለበዛበት በክፍል ሙቀት ይረጋል። ቺዝብሮ ያየው በዘንግ ላይ የሚለጠፍ ቅባት እዚህ የነዳጁ አንድ ትልቅ ክፍል ነው። በየካቲት 2022 የመጨረሻው ውሳኔ የተሰጠበት ከሆይማ እስከ ታንዛኒያ ታንጋ የሚዘልቀው ቧንቧ 1,443 ኪሎ ሜትር ሲሆን መንገዱን ሙሉ በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ የተነደፈው ለዚህ ነው፤ ነዳጁ ከ50 ዲግሪ ገደማ በታች እንዳይወርድ። ዓለም ላይ እንዲህ የሚሞቅ ረጅም ቧንቧ የለም። ሰሙን ባሕር ድረስ ሳይረጋ ለማድረስ የሚከፈለውን ገንዘብ አስቡት። ደግሞም ለቧንቧውና ለነዳጁ ቦታ መሬታቸውን የለቀቁ ብዙ ገበሬዎች አሉ፤ ከቤት መነቀል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከዚህ በተጨማሪ ሆይማ ውስጥ ካባሌ በሚባል ቦታ በቀን 60 ሺህ በርሜል የሚያጣራ ፋብሪካ ታቅዷል፤ በመጋቢት 2025 መንግሥት ከአንድ የዱባይ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈርሟል። እዚያ የሚገባው ሰም ሁለት ዕድል አለው። አንዱ በሙቀትና በካታሊስት ተሰባብሮ ናፍጣና ቤንዚን መሆን ነው። ሌላው ተለይቶ፣ ተጣርቶ፣ ሰም ሆኖ መሸጥ ነው። የመጀመሪያው ቀላልና የተለመደ ነው፣ አገሩም ናፍጣ ይፈልጋል። ሁለተኛው ተጨማሪ ክፍል ይጠይቃል፤ ግን ጋባ ሱቅ ላይ የሚሸጠው ሻማ፣ ኡጋንዳውያን ኦሙሱባዋ የሚሉት፣ ሰሙ ከውጭ መምጣቱ የሚቀረው ያኔ ብቻ ነው። የእኛም አገር ታሪክ ይህን ያውቃል። በሶቪየት እርዳታ በ1967 የተከፈተው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ የተጣራውን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። የማያጣራ ሰው የገዛ ሰሙን እንኳ ቢሆን በሌላ ሰው ዋጋ ነው የሚገዛው፤ የንብ ሰማችንንም ድፍድፉን ልከን በቆንጆ ቆርቆሮ የውበት ቅባት ሆኖ ሲመለስ አይተናል።

የቻንጓሊ ተማሪዎች እዚያ ፋብሪካ ምን ሥራ ይኖራል ብለው ቢጠይቋችሁ አንዱን ልንገራችሁ። ሰም በሚጣራበት ቦታ ሁሉ ቀንና ሌሊት ናሙና የሚወስድ ሰው አለ። የሚለካው አራት ነገር ነው፦ ሰሙ በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ፣ ምን ያህል ዘይት እንደቀረበት፣ ቀለሙ ከደረጃ ብርጭቆው ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚወድቅ፣ በአልትራቫዮሌት ስንት እንደሚያሳይ። የመጀመሪያው በቴርሞሜትርና በሙከራ ቱቦ ይሠራል፤ በሲኒየር ፎር የኬሚስትሪ ፈተና ላይ የሚመጣው የመቀዝቀዝ ግራፍ እሱው ነው። ሻማ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በየደቂቃው ሙቀቱን ጻፉ፤ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ጋደም ይላል። ንጹሕ ሰም ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ዘይት የቀረበት ላይ ግን እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሻማውን ስታቀልጡ ግን በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በሚፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይሁን፤ ልጆችም ጠጋ እንዳይሉ።